የሠላሳ አንድ ጣሪያ ውሃ

ቀጨኔ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሽ ጉዲና፣ አርባ ምንጭ

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ፣ ጆሮዎ፣ ልጅዎ ሀሌሉያና ልጆቿ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከኀፍረቴ በስተቀር። የአርባ ምንጭ አውቶቡስ ሹፌሩ ሌንጮ ፖስታዎን ሲሰጠኝ ቀላል ስለነበር፣ ብዙ አልተቆጡኝም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ስከፍተው «ምን ፈልገሽ ነው?» የሚል አንድ መስመር ብቻ አገኘሁና ቁጭ አልኩ።

ልክ ነዎት። ሰው ሦስት ዓመት ዝም ብሎ ከርሞ ድንገት ሰላምታ የሚልከው አንድ ነገር ፈልጎ ነው። እኔም ፈልጌ ነው። አስቀድሜ ግን ይቅርታ። ለመደወል ጆሮዎ፣ በስልክ ለመጻፍ ደግሞ ዐይንዎ እምቢ እንዳለ ሀሌሉያ ነግራኛለች። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ይሁን፤ ወረቀት ደግሞ ጀርባው ላይ ይሳልበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ቢሮ ለሰፈራችን የሕዝብ መዋኛ እንዲነድፍ ሥራ አገኘ፤ ንድፉም ለእኔ ተሰጠ። ቀጨኔ ተወልዳ ያደገች፣ እስከ ጉልበቷ እንኳ ውሃ ገብታ የማታውቅ አርክቴክት መዋኛ ትነድፋለች! የቢሮ ጓደኞቼ ስቀው አልጠገቡም።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ቧንቧችን ዛሬም በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከመጣ። ሰው ጄሪካን አሰልፎ በሚውልበት ሰፈር ገንዳ ሙሉ ውሃ አስቀምጦ ተንቦጫረቁ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ከቧንቧ አንዲት ጠብታ የማይነካ መዋኛ ነደፍኩ። ክረምት ክረምት ከሰፈሩ ጣሪያዎች በአሸንዳ ይሞላል። ውሃው በጠጠርና በአሸዋ፣ ከዚያም ዳሩ ላይ በሚተከል ፊላ ሥር እያለፈ ይጠራል። ጣሪያው ላይ በተዘረጋ ጥቁር ቱቦ ውስጥ እየዞረ በፀሐይ ይሞቃል። ግድግዳው የእንጦጦ ድንጋይ፣ ማገሩ የባሕር ዛፍ አጠና ነው። ልስኑ ደግሞ ሸክላ ሠሪዎቻችን የሚጥሉት ገል ተፈጭቶ ከኖራ ጋር የሚቦካ ነው፤ ሞክሬዋለሁ፣ ውሃ አያሳልፍም።

እድሩ ካልፈቀደ ግን ወረዳው አይፈቅድም። እርስዎ ሃያ ሁለት ዓመት የእድሩ ዳኛ ነበሩ። ወንበርዎን የተረከበችው እትዬ ቦሰና ዛሬም ስብሰባ ላይ «ጉዲና ቢሆን ኖሮ» ሳትል አትቀመጥም። ሸክላዋን ስትሠራ እንኳ ጎንበስ ብላ ስለ እርስዎ ታወራለች አሉ። አንድ ደብዳቤ ይጻፉላት። ከእርስዎ ሌላ የምትሰማው ሰው የለም።

የፀሐዩንና የነፋሱን ንድፍ አያይዣለሁ። መስመር ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ጠማማ ካገኙ በቀይ ያርሙልኝ።

አክባሪ ተማሪዎ ራኬብ

አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለራኬብ

ሰላምታሽ ደርሶኛል። ጉልበቴና ጆሮዬ እንደነበሩ ናቸው፤ ማለትም የሉም። በወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ለጠየቅሽኝ ነገር መልሱ፣ አይ፣ ዋና አልተማርኩም። ሁለት ሐይቅ ባለበት ከተማ መኖሬ እውነት ነው። ሐይቁ ውስጥ ግን አዞ አለ፤ እኔም ለመማር ስል ምሳ መሆን አልፈልግም።

ንድፍሽን ሦስት ቀን ዐየሁት። መስመርሽ ንጹሕ ነው። ስለ ፀሐዩ ጽፈሻል፣ ስለ ነፋሱ ጽፈሻል፣ ስለ ገሉ ጽፈሻል። የቦታውን ስም ግን አልጻፍሽም። እኔ ያስተማርኩሽ ልጅ ስለሆንሽ የምትደብቂውን ከምትስይው አውቀዋለሁ። በደቡብ ገደል፣ በሰሜን ወደ መድኃኔዓለም የሚወጣው መንገድ፣ በምሥራቅ የሸምሰዲን የእህል መጋዘን። ቀጨኔ ውስጥ ኳስ ቢያስቀምጡበት የማይንከባለልበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። የድንኳን ሜዳ።

እስቲ ንገሪኝ። የሰፈሩ ሰው ቀብሮ ሲመለስ የት ይቀመጥ? ዳገቱ ላይ ወንበር ተክሎ ይንሸራተት? ወይስ ገንዳሽ ዳር እግሩን ውሃ ውስጥ ከትቶ ያልቅስ?

የባለቤቴን የጌጤን ድንኳን የተከልነው እዚያ ነው። በሦስተኛው ቀን ሲነሳ ሥሩ የነበረው ሣር ጠውልጎ፣ አራት ማዕዘን ሠርቶ ቀርቶ ነበር። እኔ ያንን ሣር ደግሜ ሳልረግጥ ነው ከቀጨኔ የወጣሁት። አንቺ ደግሞ ልትቆፍሪው ነው፤ እኔም ላግዝሽ ነው።

ለቦሰና አልጽፍም። ሀሌሉያ ሰላም ብላሻለች።

ጉዲና

ቀጨኔ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሽ ጉዲና

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ተራ ቆሜ አነበብኩት። ሌንጮ «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ፤ «አቧራ ነው» አልኩት። አላመነኝም።

ደብቄ አይደለም ብል ውሸት ነው። ለእርስዎ ስጽፍ ብዕሬ የሜዳው ስም ላይ ሲደርስ ዘለለው። የባሰውን ደግሞ ልንገርዎ፤ ቢሮ ባለው ንድፍ ላይ ቦታውን «ባዶ ቦታ» ብዬ ጽፌዋለሁ። ሁለት ቦታ ላይ፣ በትልቅ ፊደል። እኔ ራሴ የእትዬ ጌጤ ለቅሶ ላይ ወንበር ስደረድርበት የነበረውን ሜዳ! ልለካው የሄድኩት ሰው ያልሞተበት ሳምንት ስለነበር ሜዳውን ብቻ ዐየሁ። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ድንኳን ያልተተከለበትን የድንኳን ሜዳ መለየት አቃተኝ።

ስብሰባው እንዴት እንደሆነ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔ ልንገርዎ። ንድፉን ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ማብራራት ስጀምር እትዬ ቦሰና ተነሳች።

«እናንተ ሰዎች፣ ገብቷችኋል? ይቺ ልጅ እኮ ሞተን እንድንዋኝ ነው የምትፈልገው!» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ባልሆን ኖሮ እኔም እስቅ ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ግን የሳቀ ሁሉ ተነስቶ ሄደ። ንድፉን ለብቻዬ ከግድግዳው ላይ ላጥኩ።

ወረዳው እስከ መጋቢት መጨረሻ ይጠብቀኛል። እስከዚያ የእድሩን ስምምነት ካላመጣሁ ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ይሆናል፤ ወረቀቱ አልቋል፣ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። ያኔ ድንኳኑም የለም፣ ገንዳውም የለም። ይህን የምጽፈው ላስፈራራዎ አይደለም። ለማን ልንገር?

ይቅርታ፣ ጋሽ ጉዲና። ለሜዳውም፣ ለሦስቱ ዓመትም።

ራኬብ

አርባ ምንጭ፣ ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለራኬብ

አይ፣ ቦታ ለውጪ አልልሽም፤ ሌላ ቦታ የታለና? ተይውም አልልሽም። አንድ ሳምንት ተቆጣሁ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ንድፍ ሳልኩ። ሀሌሉያ «አባዬ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ» እያለች በምልክት ስትጠራኝ ነው የከረመችው።

ስሚኝ። ስህተትሽ ከቀጨኔ ያላትን አንዲት ነገር መርጠሽ መንካትሽ ነው። ቀጨኔ ሜዳ የላትም፤ ዳገት ግን ሞልቷታል፣ ዳገት ደግሞ ማንም አይጣላሽም። ወረቀቱን ገልብጪና እዪው።

ሜዳውን አትንኪው። ከሜዳው በስተደቡብ ያለውን ገደል ደረጃ አድርገሽ ቁረጪው። ልብስ መቀየሪያውና የውሃ ማጠራቀሚያው ከሜዳው ሥር፣ ዳገቱ ውስጥ ይግቡ፤ አፈሩ ራሱ ከብርድም ከሙቀትም ይጠብቃቸዋል። ጣሪያቸውን በድንጋይና በአፈር ሸፍኚው፤ ያኔ ሜዳው ወደ ደቡብ አራት ሜትር ተኩል ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ገንዳው ከታች ባለው ደረጃ ላይ ይቀመጥ። ፊቱን ወደ ደቡብ ስለሚያዞር ፀሐይ አይጎድልበትም፤ ጀርባው ዳገት ስለሆነ የእንጦጦ ነፋስ በላዩ ያልፋል። ሜዳው ላይ ደግሞ የድንኳን ምሰሶ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በድንጋይ ሥሪባቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምሰሶ በመዶሻ ስንቀጠቅጥ ጣታችን ሲቀጠቀጥ የከረምን ሰዎች ይመርቁሻል።

ለቦሰና አንድ ቃል ጽፌያለሁ፤ በሌንጮ እጅ ይደርሳታል። «ስሚያት» ነው የሚለው። ከዚያ በላይ አልጨመርኩም፤ ቦሰና ረጅም ደብዳቤ አትወድም።

የግድግዳውን ውፍረት እንደገና አስዪ። ሰባ ሳንቲም ያንሳል።

ጉዲና

ቀጨኔ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሽ ጉዲና

ተፈረመ! ተፈረመ፣ ተፈረመ! ሦስት ጊዜ የጻፍኩት ሦስት ስብሰባ ስለፈጀ ነው።

ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ የግድግዳው ውፍረት ያንስ ነበር። ዘጠና አድርጌዋለሁ። የቢሮ አለቃዬ ማን እንዳረመኝ ሲጠይቀኝ «አርባ ምንጭ ያለ አማካሪ አለኝ» አልኩት። ሰውዬው የውጭ ድርጅት መሰለው።

እትዬ ቦሰና ንድፉን መሬት ላይ አንጥፋ በጉልበቷ ተንበርክካ ዐየችው። የምሰሶ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረች። ሃያ አራት። «ይሄ የጉዲና እጅ ነው» አለች። እኔም አልካድኩም። ከዚያ በኋላ ግን አስጨነቀችኝ።

«ዝናብ ይሞላዋል ብለሻል። ካልሞላውስ?» አለች።

«ይሞላዋል፣ እትዬ።»

«ካልሞላው ነው ያልኩሽ እኮ! በየፈረቃው አራት ቀን ጠብቄ የማገኛትን ውሃ ገንዳሽ ሲጠጣት ቆሜ አላይም።»

ስለዚህ ቃሉ በደብተር ገባ። በመጀመሪያው ክረምት፣ እስከ ዕንቁጣጣሽ ድረስ፣ ማጠራቀሚያውም ገንዳውም በዝናብ ብቻ መሙላት አለባቸው። ገንዳው ላይ ቀይ መስመር ይሰመራል፤ ውሃው መስመሩን ካልነካ ጉድጓዱ ይደፈናል። ከቧንቧ አንድ ጄሪካን ቢገባበትም ይደፈናል። ወረዳውም ማኅተሙን መታ። አለቃዬ እንዲህ ያለ ውል እንዴት ትፈርሚያለሽ ብሎ ሊያብድ ነው። እኔ ግን ውሉ ደስ ብሎኛል፤ ንድፌ እውነት ከሆነ ይሞላል፣ ካልሆነ ይደፈን።

ይህን ስጽፍ ደፋር መስያለሁ። ሌሊት ግን ተነስቼ የዝናቡን ስሌት ደግሜ እደምራለሁ።

መሠረት ስንጥል ይመጡልኛል?

ራኬብ

አርባ ምንጭ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለራኬብ

የላክሻቸውን ፎቶዎች ሀሌሉያ አትማ ግድግዳ ላይ ለጠፈችልኝ። የድንጋዩ ሥራ ያምራል። በምዕራብ ጥግ ያለው ግንበኛ ግን ውሃ ልክ አይጠቀምም፤ ንገሪው።

ሌሊት ሌሊት ውሃው ቀዝቅዞ ያድራል ብለሽ መጨነቅሽ ትክክል ነው። ቀን በፀሐይ ያሞቅሽውን የቀጨኔ ብርድ በአንድ ሌሊት ይወስደዋል። ለዚያ የሚሆን ሽፋን ከውጭ አታስመጪ። እድሩ ግምጃ ቤት ውስጥ ያረጁ ድንኳኖች አሉ፤ እኔ ራሴ ቆልፌባቸው ነው የመጣሁት። ሸራቸውን አሰፊና ከሥሩ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቀሽ ደርድሪበት። ይንሳፈፋል፣ ሙቀቱንም ይይዛል።

አሁን ወደማልወደው ጥያቄሽ ልምጣ። ሦስት ጊዜ ጠይቀሽ ሦስት ጊዜ ጉልበቴን አመካኘሁ። ጉልበቴ ያማል፤ አውቶቡስ ላይ ግን ይቀመጣል። እውነቱን ከፈለግሽ ያ ሜዳ ነው የሚያስፈራኝ። ከጌጤ በኋላ ለአንድም ሰው ደህና ሁኑ ሳልል ነው የወጣሁት። የሃያ ሁለት ዓመት እድሬን፣ ያስታመመችኝን ቦሰናን፣ ሁሉንም። የለቀስኩበትን ቦታ ከሸሸሁት ልቅሶውም የሚቀር መስሎኝ ነበር። አልቀረም።

ስለዚህ አትጥሪኝ። መጣሁ ስልሽ ብቻ ተቀበይኝ።

ጉዲና

ቀጨኔ፣ ነሐሴ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሽ ጉዲና

ምን ያህል እንደሞላ አልነግርዎትም ብዬ ነበር። ሁለት ደብዳቤዎን ስለ ፊላው ብቻ እየጻፍኩ ያለፍኩት ለዚያ ነው። ፊላው እውነትም አድጓል። ውሃው ግን ሠላሳ አራት ሳንቲም ጎድሎታል።

ማጠራቀሚያው ሞልቷል፤ ገንዳው ነው የቀረው። ዝናቡ ዘንድሮ ዘገየ፤ ሰኔን ዝም ብሎ አሳለፈው። ሲጀምር ደግሞ አሸንዳቸውን ያገናኙልኝ አሥራ ሰባት ቤቶች ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ «ይሞላ እንደሆነ እስቲ እንይ» ብለው ቆመው ያያሉ። ሳያገናኙት እንዴት ይሞላል? በየቤቱ እየዞርኩ ለመንኩ። አሁን ሠላሳ አንድ ጣሪያ ደርሰናል። ሠላሳ አንደኛው የሸምሰዲን መጋዘን ነው፤ እሱ ብቻውን አሥራ አምስት ቤት ያህላል። «እህሌ ካልበሰበሰ ውሃው ያንቺ ነው» ብሎ ሰጠኝ። የእትዬ ቦሰና ቤትም ተገናኝቷል፤ ቃሏን የምታስጠብቀውን ያህል የሚጠበቅባትንም ታደርጋለች። ቀዩን መስመር በገዛ እጇ የቀባችው እሷ ናት። በየማለዳው መጥታ ታየዋለች፤ ከዚያ ወደ ሸክላዋ ትመለሳለች።

በኮምፒውተር አስልቼዋለሁ። የጳጉሜን ዝናብ ሁሉ ብደምረው ለጥቂት ይደርሳል፤ ወይም ለጥቂት ይቀራል።

አንድ የማውቀው ሰው የውሃ ቦቴ አለው። ማለዳ ሰው ሳይወጣ ማምጣት ይችላል። ሁለት ምልልስ ብቻ። ዝናብ ይሁን የቦቴ ውሃ ገንዳ ውስጥ ማን ይለየዋል? ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋሁበት በአንድ ጣት ጎድሎ ሊደፈን ነው። እባክዎ፣ አንድ ነገር ይበሉኝ።

ራኬብ

አርባ ምንጭ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለራኬብ

ሌንጮ ተመላሽ ስለሆነ ባጭሩ እጽፋለሁ።

ምክር አይደለም የጠየቅሽኝ፤ ፈቃድ ነው። አልሰጥሽም።

ካልሞላ ይደፈን። አንቺም ቀጨኔ ቀና ብለሽ ትሄጃለሽ፤ ሌላ ዓመት ሌላ ነገር ስትነድፊ ሰው ይሰማሻል። በቦቴ ከሞላሽው ግን ልጆቹ በዋኙ ቁጥር አንቺ ትሸማቀቂያለሽ። ያንን ገንዳ እኔ አልሳልኩትም።

ቦቴውን ምን እንዳደረግሽው ጻፊልኝ።

ጉዲና

ቀጨኔ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሽ ጉዲና

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢበላሽ አይቆጡኝ።

መጀመሪያ ስለ ቦቴው። ያኔ ያልነገርኩዎት ነገር አለ፤ እርስዎን ስጠይቅ ቀድሜ አዝዤው ነበር። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ማለዳ ቦቴው እያጓራ ዳገቱን ወጣ። ሹፌሩን «ወደ ላይ፣ ወደ ቦኖው» አልኩት። ቦኖው ጋ ሴቶቹ ከዋዜማው ጀምሮ ጄሪካናቸውን ደርድረው፣ ውሃው ግን ሳይመጣ ቀርቶ ቆመዋል። እትዬ ቦሰናም ሁለት ጄሪካን ይዛ ተሰልፋለች። ቦቴውን ዐየች፣ እኔን ዐየች።

«ይሄ ለማን ነበር?» አለች።

«ለገንዳው ነበር፣ እትዬ።»

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤ ብቻ ወጣኝ። ጄሪካኖቿን ሞልታ ሄደች። በቃ፣ አለቀልኝ ብዬ ነበር።

አሁን ወደ ትናንቱ። ጳጉሜ ሦስት ማለዳ አሥራ ስምንት ሳንቲም ቀርቶን ነበር። ሰማዩ ጠቁሮ እንጦጦን ውጦታል፤ ዝናቡ መጣ፣ እንዴት ያለ ዝናብ! በደስታ ሮጬ ወርጄ ከገንዳው አፍ ላይ ቆምኩ። ከመጋዘኑ በሚመጣው ቱቦ ውሃው ይጎርፋል። ሌሎቹ ግን ከሦስት አራት ቤት በስተቀር ሁሉም ደርቀዋል። ተሰብሮ ይሆን ብዬ ሽቅብ ሮጥኩ።

ምን እንደሆነ እርስዎ ገና ሳልጽፈው ገብቶዎታል፤ ይስቁብኛልም። ሩፋኤል ነበር! ኮምፒውተሬ ላይ የጳጉሜ ሦስትን ዝናብ በሚሊሜትር ደምሬ፣ በሩፋኤል ዝናብ የሚጠመቅ ሰፈር ውስጥ አሸንዳውን ለገንዳ የሚተው ሰው እንደማይኖር ረሳሁ። እኔ፣ እናቴ በየዓመቱ ደጅ አውጥታ ዝናቡን ስታስመታኝ ያደግሁት! እያንዳንዱ ቤት አሸንዳውን ከቱቦው ነቅሎ ሥሩ በርሜልና ሳፋ ደቅኗል። እናቶች ልጆቻቸውን እያጠቡ ነው፣ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ገልጠው ቆመዋል። የሩፋኤልን ጠበል አንሱና ለገንዳ ስጡኝ ብዬ የማንን በር ላንኳኳ? መንገዱ መሐል ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ ጥሩምባው ተነፋ።

የእድራችንን ጥሩምባ ያውቁታል፤ ሰው ሲሞት እንጂ አይነፋም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ጣል አድርገው እየሮጡ ወጡ። «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» ሜዳው ላይ እትዬ ቦሰና ከጥሩምባ ነፊው አጠገብ ወገቧን ይዛ ቆማለች፤ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግሯ በስብሳለች።

«ማንም አልሞተም!» አለች። «ሰው ካልሞተ አትወጡም እንዴ? ውሃ ጎድሎብናል!»

«እትዬ ቦሰና፣ ዛሬ እኮ ሩፋኤል ነው» አለ አንዱ። «የሩፋኤልን ዝናብ እንዴት ብለን እንስጥ?»

«ሸምሰዲን እየሰጠ አይደል? ሩፋኤል የሸምሰዲን ሆነ በሉኛ!»

ሸምሰዲን ከመጋዘኑ በር ላይ ሆኖ «ኧረ እትዬ፣ እኔ ምኑንም አላወቅኩ፤ ያልነቀልኩት ንቀል ያለኝ ስለሌለ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ስሙኝ። ይቺ ልጅ ሊደፈንባት ጥቂት ቀን ሲቀራት ቦቴ ሙሉ ውሃ በእጇ ገባ። ገንዳው ውስጥ ብትደፋው አንዳችንም አናውቅም ነበር። ለእናንተ ጄሪካን ሰጠችው። ዐይኔ ዐይቷል። አሁን በየሳፋችሁ ሞልታችኋል፣ ልጆቻችሁን አጥባችኋል፣ ይበቃችኋል። ጠበሉ ገንዳ ሲገባ ጠበልነቱ ይጠፋል ያለ ቄስ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። አሸንዳችሁን መልሱ!»

ጋሽ ጉዲና፣ መለሱ! በአንድ ጊዜ ሠላሳ ሰው ግድግዳ ላይ ተንጠለጠለ። ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ሲያገሱ ከታች ይሰማኝ ነበር። ግን አልበቃቸውም። ዝናቡ ሊያባራ ሲል አንዲት እናት ሳፋዋን በራሷ ተሸክማ ደረጃውን ወረደችና ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው። ከኋላዋ ሌላ መጣ። ከዚያ በርሜል በአራት ሰው ተይዞ መጣ፣ ከዚያ ዝናብ የሞላ ጄሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት። አንድ በርሜል ለገንዳው የሚጨምረው አንዲት ሚሊሜትር ነው፤ አስልቼዋለሁ። አልነገርኳቸውም። ሚሊሜትሯን እየጨመሩ መጡ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እትዬ ቦሰና ደረጃው ላይ ተንበርክካ ጣቷን ከቀዩ መስመር አጠገብ ከተተች።

«አልፏል» አለች። «በሁለት ጣት አልፏል።»

እልልታው እስከ እንጦጦ ማርያም ሳይሰማ አይቀርም። እኔ እየጮህኩ አለቀስኩ፤ ሁሉም ዐዩኝ፣ አላፈርኩም። እትዬ ቦሰና አቀፈችኝ፤ እርጥብ ሸክላ ሸክላ ትሸታለች። ጆሮዬ ላይ «ለጉዲና ጻፊለት፤ ከእንግዲህ በጉልበቱ አያመካኝ በይው» አለችኝ።

ጽፌያለሁ።

ጥቅምት አሥራ አምስት ይመረቃል።

ራኬብ

አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ራኬብ

ለምረቃው መጥቼ፣ ረቡዕ ማለዳ ሳልሰናበትሽ ለምን እንደወጣሁ ጠይቀሻል። እንደ ድሮው ሸሽቶ ነው ብለሽ ሰግተሽ እንደሆነ አትስጊ። ስንብት ስለማልችል ነው። ቦሰናን ግን ተሰናብቻታለሁ፤ ስለዚህ ተሻሽያለሁ።

ሜዳው ላይ ስደርስ መጀመሪያ መንገዱ ዳር ጥቂት ቆሜ ነበር። የድሮው ሣር የለም፤ የአንቺ ድንጋይ ነው ያለው፣ ሃያ አራቱ ቀዳዳም አለ። የጌጤ ድንኳን የነበረበትን ጥግ ፈልጌ አገኘሁትና ቆምኩ። ከእግሬ በታች፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ልብስ የሚቀይሩ ልጆች እየተንጫጩ ነበር። በዚህ ጆሮዬ እንኳ ሰማኋቸው። ይከፋኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልከፋኝም፤ ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ስገባ ውሃው ለብ ያለ መሆኑን አላመንኩም ነበር፤ ሽፋንሽ ሠርቷል። አርባ ዓመት የልጆችን እጅ ይዤ መስመር ሳስምር ኖሬ፣ በሰባ አራት ዓመቴ አንቺ ጀርባዬን ይዘሽ ውሃ ላይ አንሳፈፍሽኝ። የዋና መምህር ጋ ለሦስት ሳምንት ሄደሽ ስትማሪ ከርመሽ እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። «ልልቀቅዎ?» ስትዪኝ በአፍሽ ቅርጽ ገብቶኛል። ያልሰማሁ መስዬ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ለቀቅሽኝ፤ አልሰመጥኩም። ቦሰና ዳር ቁጭ ብላ ስትስቅብኝ ዐይቻታለሁ። መሳቋን ትቀጥል፤ ሐሙስ ሐሙስ በሴቶቹ ሰዓት እሷም እየተማረች እንደሆነ ነግራኛለች።

አሁን አንድ ጉዳይ አለኝ። ማክሰኞ ከሰዓት ቦሰና ጋ ሄጄ በእድሩ ደብተር ስሜን መልሺው አልኳት። አንድ ቃል ሳትጨምር ጻፈችው፤ ከጌጤ ስም በታች የነበረውን ቦታ ለማንም አልሰጠችውም ነበር። ስሞት ወደዚያ ትወስዱኛላችሁ። ድንኳኔ እዚያው ጥግ ይተከላል። ሀሌሉያም ተስማምታለች፤ ትንሽ አልቅሳ ነው የተስማማችው።

ታዲያ ደንቡን ሳነብ፣ ድንኳን በተተከለ ቁጥር ገንዳው ሦስት ቀን ይዘጋል ይላል። ቦሰና ናት ያስገባችው። «ልቅሶ ላይ እንዴት ይንቦጫረቃሉ?» ትላለች። እኔ ደግሞ ልቅሶዬ ላይ ማን ዝም እንዲል ነው የምፈልገው? ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጯጯህን። ጎረቤት ሊገላግል መጣ። በመጨረሻ ለሌላው ሁሉ ሦስት ቀን ሆኖ ለእኔ ብቻ አንድ ቀን እንዲሆን ተስማማች። ጽፋ ፈርማለች፣ እኔም ፈርሜያለሁ፤ አንድ ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

ቦሰና ያን ቀን በሐዘን ደንቡን ልትረሳው ትችላለች። አንቺ አትርሺ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሽፋኑን ግለጪና ልጆቹን አስገቢያቸው።

ጉዲና